የሰው ድስት አይከፈትም

«ዘይነባ እንዳታውቅ» አሉ እትዬ አምሳለ።

«ብታውቅስ? ሰው አይደለችም እንዴ?» ይህ የባለቤታቸው የጋሼ ወልደአረጋይ ድምፅ ነው።

«ካወቀች ድስት አትጥድም። የሞተው ሞቷል፤ ወሬው ምን ይሠራል? ለሸምሰዲን ንገረውና አፉን ይያዝ። ሥጋው በሳፋ ተቆራርጦ ይምጣላት።»

ከዚያ በኋላ ሌላም ተባብለዋል። ወይ አልሰማሁትም፣ ወይ ሰምቼ ረስቼዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲህ ዱካ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ዘይነባ እናቴ ናት።

ግቢያችን ካዛንቺስ ነበር፤ ሁለት ቤት፣ አንድ በር፣ አንድ ቧንቧ። ማድ ቤቱም አንድ ሆኖ መሐሉ ላይ ቆርቆሮ ተመትቶበታል፤ በወዲህ እኛ፣ በወዲያ እነሱ ያበስላሉ። እኛ ከወሎ የመጣን እስላሞች ነን፣ እነሱ ክርስቲያን። የድግስ ጊዜ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። እነሱ ሲደግሱ ለእስላም እንግዶቻቸው የሚሆን አንድ በግ ከነነፍሱ ለአባቴ ያስረክባሉ። አባቴ ጦይብ ቢስሚላሂ ብሎ ያርዳል፤ እናቴ በራሷ ድስት፣ በራሷ ምድጃ ትሠራዋለች። እኛ ኢድን ስንደግስ ደግሞ ለክርስቲያን እንግዶቻችን የሚሆነው በግ ወደ ጋሼ ወልደአረጋይ ይሄዳል፣ ወጡን እትዬ አምሳለ ይሠሩታል። ታዲያ አንዷ የሌላዋን ክዳን አትነካም። አትቀምስም፣ አታሸትም፣ አትጠይቅም። «የሰው ድስት አይከፈትም» ይሉኝ ነበር እትዬ አምሳለ። «ከፍተሽ ያየሽ ቀን አላመንኩሽም ማለት ነው።»

እንግዳ መቀበልን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማስታጠቢያውን ይዤ ከማን እንደምጀምር፣ ውሃው የሰው ልብስ ላይ እንዳይረጭ ማንቆርቆሪያውን ምን ያህል ዝቅ እንደማደርግ፣ ፎጣው በየትኛው ክንዴ ላይ እንደሚታጠፍ። እንግዳ ሲበላ ሳህኑን አለማየት። አንድ ሰው እንኳ እያኘከ ከሆነ ትሪ አለማንሳት። ስሳሳት አይቆጡኝም ነበር፤ ዝም ብለው ፎጣውን ከአንዱ ክንዴ ወደ ሌላው ያዛውሩታል። እነዚያን እጆች ነው እንግዲህ በአንድ ጠዋት መጠርጠር የጀመርኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ኦሎምፒያ ታክሲ ስጠብቅ የእትዬ አምሳለ ልጅ ታዲዎስ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ሸብቷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያፍር እንደሚያደርገው አንገቱን እያከከ፣ «እማዬ ጤናዋ እንደ ድሮ አይደለም» አለኝ። «ዘይነባን አምጡልኝ፣ አንድ ቀን ምሳ አብረን እንብላ ትላለች። ማለቴ… ምን እንደተፈጠረ እኔ አላውቅም፣ በሰርጌ ቀን ነው ይላሉ። በቃ፣ ጠይቂያት።» ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ እነሱ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል፤ እኔና እናቴ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ማታውኑ ነገርኳት። ሰማችኝና መቁጠሪያዋን አነሳች። ሁለቱ ሴቶች አንድ ማዕድ ላይ ከቀረቡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ያለያየኋቸው እኔ ነኝ፤ ይህንንም እስከዚያች ሳምንት ድረስ ለሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር። እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እትዬ አምሳለ ደግሞ ይበልጧታል። ዛሬ ነገ የሚባልበት ዕድሜ አይደለም።

የታዲዎስ ሰርግ በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ነበር። ሁለት በጎች ከአጥሩ ሥር ታስረዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ። ነጩ ለክርስቲያኖቹ፣ ቡናማው ለእኛ እንደሆነ ተነግሮኝ ነበር። አባቴ አጎቱ ሞተውበት ደሴ ሄዷል፤ ለሰርጉ አይደርስም።

ሰርጉ እሑድ ሊሆን፣ ሐሙስ ጠዋት ያን ወሬ እንደሰማሁ የምስሩን ሰፌድ አስቀምጬ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቅሁ። ጋሼ ወልደአረጋይ አንድ ከባድ ጆንያ በእጅ ጋሪ ላይ ሲያወጡ አየሁ። ከጆንያው አፍ ነጭ እግር ብቅ ብሏል። እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ደርቋል። ግራ ቀኝ አይተው ጋሪውን እየገፉ ቁልቁል ወረዱ። በዚያ መንገድ የጋሽ ሸምሰዲን ሥጋ ቤት አለ።

መንገዱ ወደ ወንዙም ያወጣል። ይህን ግን ያኔ አላሰብኩትም።

በቁርአን ቤት በክት ምን እንደሆነ ተምሬያለሁ። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ አይበላም፤ የበላ ኃጢአት አለበት። ኡስታዛችን ይህን ሲነግሩን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። በጉ ሞቷል፤ ለሸምሰዲን ተልኳል፤ ሸምሰዲን አፉን ይይዛል፤ ሥጋው ተቆራርጦ በሳፋ ለእናቴ ይመጣል፤ እናቴ እንዳታውቅ። የተረፈውን ደህና በግ እነሱ ይበሉታል። አንዲት ቃል እንኳ ከመስመሩ አልወጣችብኝም።

ማታ እናቴን፣ «እማ፣ አባዬ ከሌለ በጉን ማን ያርደዋል?» አልኳት።

«ሸምሰዲን ነዋ። አምሳል ሥጋውን አስቆራርጬ እልክልሻለሁ፣ አንቺ አትድከሚ ብላኛለች። ምን ያለች ሰው ናት አቦ።»

ልነግራት ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ከጎረቤት ጎረቤት ወሬ አመላለስሽ ብላ ጭኔን ቆንጥጣኝ ቦታው ገና አልጠፋም። ሰው ሲያወራ ጆሮ መጣል ከሌብነት አይተናነስም ባይ ናት። ስለዚህ ማስረጃ ልፈልግ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቡናማውም በግ ከአጥሩ ሥር የለም። ደብቀውታል ብዬ ደመደምኩ። ገመዱ ብቻ መሬት ላይ ተጥሏል። እየሮጥኩ ጋሽ ሸምሰዲን ሥጋ ቤት ወረድኩ። ቢላዋ እየሳሉ ነበር። ለእኛ የታረደው የቱ በግ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«በጉ ነዋ» አሉኝ።

«ነጩ ነው ቡናማው?»

መሳሉን ተዉት። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የበግ ፖሊስ የሆንሽው?»

«ቆዳው የታለ?»

«ተሸጠ።» እኔን ማየት ትተው በር በሩን ያዩ ጀመር። ሁልጊዜ ስሄድ የሚያጫውቱኝ፣ የአጥንት ቁራጭ ለድመቴ የሚጠቀልሉልኝ ሰውዬ ናቸው። «የሰው ጓዳ አይጠየቅም ልጄ። ሂጂ፣ እናትሽን አግዣት።»

የሚዋሽ ሰው ፊት ያኔ አየሁ ብዬ ማልኩ። ሰውዬው ግን አንዲት ቃል አልዋሹኝም። ቃል የገቡበትን ነገር እንዳያወጡ ነበር ጭንቃቸው፤ ምስጢር የሚጠብቅና የሚዋሽ ሰው ፊታቸው አንድ ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ከሰዓት በኋላ ሥጋው መጣ። ጋሼ ወልደአረጋይ ራሳቸው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳፋ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ለወትሮው «ዘይነባ፣ እነሆ የአምሳለ አደራ!» ብለው ይፎክሩ ነበር። ያን ቀን ሳፋውን አስረክበው፣ «በሉ እንግዲህ» ብቻ ብለው ተመለሱ። ጨርቁን ገልጬ ሥጋውን አሸተትኩት። ምንም አይልም። ንጹሕ ነበር። ይህም አጠራጠረኝ።

እሑድ እናቴ ከሱብሒ ሶላት ጀምራ ምድጃዋ ላይ ናት። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲቁላላ ቆየ፤ በርበሬው ገባ፤ ቅቤው፣ ኮረሪማው። ወጧን ስታማስል አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጠዋለች፤ ሲበስል ድምፁ ይለወጣል ትላለች። የወሎ መንዙማ ታንጎራጉራለች። በሰው ድግስ ላይ እንደዚያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። እኔ ደግሞ በየደቂቃው ላምባ ወደተቀመጠበት ጥግ አያለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ሞላ። እትዬ አምሳለ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ!» እያሉ ያጎርሳሉ፤ እምቢ ያለውን በሁለተኛው፣ በሁለተኛው እምቢ ያለውን በሦስተኛው ያሸንፋሉ። እኔ ማስታጠቢያ ይዤ በመካከል አልፋለሁ። የሙሽራዋ አጎት ትሪውን አየት አድርገው አጠገባቸው ላለው ሰው፣ «ዶሮ፣ ዶሮ፣ አሁንም ዶሮ። ልጃችንን የዳርናት ለዶሮ አርቢ ነው እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ሳቅ ሆነ። እትዬ አምሳለም ሰምተዋል። አብረዋቸው ሳቁና፣ «ዶሮ ለሙሽራ ነው፣ ይብሉልኝ» አሉ። አንገታቸው ላይ አንድ ደም ሥር ትመታ ነበር።

ያንን ድንኳን ስንት ጊዜ በሐሳቤ ተመልሼ ዞሬዋለሁ። ከአንዱ ትሪ ወደ ሌላው። ዶሮ አለ፣ ዓይብ አለ፣ ጎመን አለ። የበግ ሥጋ በአንዱም ትሪ ላይ የለም። ዓይኔ ፊት ነበር፤ እንግዳ ሲበላ ሳህን አይታይም ብለው ራሳቸው አስተምረውኝ አላየሁትም።

እስላሞቹ እንግዶች እንደ ወትሮው ከሳሎኑ ኋላ ባለው ክፍል ተቀምጠዋል። ስምንት የእድር ሰዎች ናቸው፣ ከላይ ጋሽ ሸምሰዲን። አስታጠብኳቸው። ከታላቅ ጀመርኩ፣ ፎጣውን በደንብ አጠፍኩ። «ተባረኪ» አሉኝ። አሁን ከእናቴ ድስት የሚወጣውን በሙሉ እምነት ሊጎርሱ ነው። እናቴም ከእነሱ ጋር።

ወደ ማድ ቤት ተመለስኩ። እናቴ ጭስ የጠጣ ሻሿን ልትቀይር ወደ ቤት ገብታለች። ድስቱ ከእሳት ወርዷል። ክዳኑን ከፈትኩ። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ ምራቄ ሞላ፤ አለቀስኩም መሰለኝ። ከዚያ የላምባውን ጠርሙስ አንስቼ ግማሹን ገለበጥኩበት። ክዳኑን መለስኩ። እናቴን ከገሃነም ያወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ አላህ ያውቃል፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

እናቴ መጣች። ጭልፋዋን ይዛ ክዳኑን አነሳች፤ መልሳ ከደነችው። ቆመች። ከዚያ እትዬ አምሳለ በችኮላ ገቡ።

«ዘይኑ፣ እንግዳው እጁን ታጥቦ ቀረ እኮ። ምነው?»

«አይበላም።»

«ምኑ?»

እትዬ አምሳለ እጃቸውን ወደ ክዳኑ ላኩ። በሕይወታቸው አድርገውት አያውቁም። እናቴ የእጃቸውን አንጓ ያዘች። ግን ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፤ መክፈት አላስፈለገም። ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ። ቁጭ አሉ፤ በዚያ ጥልፍ ቀሚስ፣ መሬት ላይ።

«እርስዎ ቤት ውስጥ እኛን የማይፈልገን ማን እንደሆነ አላውቅም» አለች እናቴ። እርስዎ ብላቸው አታውቅም፤ «አምሳል» ነበር የምትላቸው። «ካልፈለጉን ግን አትምጡ ማለት ይቻል ነበር።»

«ዘይነባ፣ በማርያም…»

«ማርያምን አይጥሩብኝ። ድስቴን አጥቤ እሄዳለሁ።»

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ሁሉም ይቆም ነበር። አልተነፈስኩም። እንዲያውም ልቤ ውስጥ፣ አየሽ፣ አወቀችብሽ፣ እያልኩ እትዬ አምሳለን አያቸው ነበር።

ከኋላ ክፍል ያሉት እንግዶች የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቷቸዋል። አንዳቸውም አልጠየቁም። ጋሽ ሸምሰዲን ከትሪው ላይ ድፎ ዳቦውን አንስተው ቆረሱና ለሰባቱ አከፋፈሉ፤ በማር ጎረሱ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ለሙሽሮቹ ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም አሚን አሉ። ሲወጡ እትዬ አምሳለን በር ላይ አገኟቸው። «ጠግበናል። አላህ ቤትሽን ይሙላው» አሏቸው ጋሽ ሸምሰዲን። እትዬ አምሳለ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

አባቴ ከደሴ ሲመለስ እናቴ ምን እንደነገረችው አላውቅም። የሚቀጥለው ኢድ በግ አልተላከም። ፋሲካም መጣ፣ ከእነሱም አልመጣም። «እንዴት አደርሽ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ»፤ በቃ። አንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ አንድ በር እየዘጉ፣ ያን ያህል ዓመት። እኔም ወደ እትዬ አምሳለ ቤት መግባት ተውኩ። ተከልክዬ አይደለም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ጋሼ ወልደአረጋይ አረፉ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጋሽ ሸምሰዲን አጠገቤ ተቀምጠው፣ አርጅተውም ስለነበር፣ ራሳቸው አነሱት። «ያን ጊዜ ስለ በጉ ስትጠይቂኝ አልነገርኩሽም» አሉኝ። «አሁን ሟቹም ሄደ። ለሰርጉ የተዘጋጀ ስንዴ ነበር። ነጩ በግ ገመዱን በጥሶ ሲበላው አድሮ ተነፍቶ ሞተ። ወልደአረጋይ ወንዝ ዳር ወስዶ ቀበረው። ገንዘቡም ለሰርጉ አልቆ ነበር፣ ሌላ በግ መግዣ አልተገኘም። የተረፈው ያ የእናንተው ቡናማ ነው። ወልደአረጋይ ለራሳችን እንግዶች ይታረድ፣ ለነዘይነባ ይቅርታ እንጠይቃለን አለ። አምሳለ አሻፈረኝ አለች። የኔ ሰዎች ዶሮ አላቸው፤ የዘይነባ ሰዎች ግን ከዚህ በግ ሌላ እኔ ቤት የሚቀምሱት የላቸውም አለች። ዘይነባ ካወቀች በጉን ትመልስልናለች፣ ድስት አትጥድም ብላ አስማለችኝ። እኔው ነኝ ያረድኩት፣ በዚህ እጄ።»

ሰው ሲያወራ ዝም ብዬ መስማት ከልጅነቴ የለመድኩት ነው፤ በዚያ ቀን ግን ዝም ያልኩት ለመስማት አልነበረም። እቤት ገብቼ ሰገድኩ፤ ከሱጁድ መነሳት አቃተኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ያ ነገ ሃያ አንድ ዓመት ሆነ።

የታዲዎስ መልእክት በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ እናቴ የዐስር ሶላቷን ሰግዳ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ከመስኮቱ በታች መኪኖቹ ይጮኻሉ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ጀምሬ እስከ ላምባው ነገርኳት። ቁጣዋን ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት።

«ያን ዕለት ማታ እጅሽን ስታጠቢ ላምባ ሸተተኝ። ሳሙና ጨምሬ አጠብኩሽ፤ አሁንም ሸተተኝ። ለምን እንዳደረግሽው አላወቅሁም፤ የልጅ ነገር ነው አልኩ። ማለዳ ተነስቼ አምሳልን ይቅር በይኝ ልላት ነበር። ልጄ ናት ልላት። ደግሞ በልጇ ሰርግ ቀን እንደዚያ ከተናገርኳት በኋላ እንዴት ብዬ? ነገ ልሂድ አልኩ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ከዚያ በኋላ አፍ ይከብዳል ልጄ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት እሷ ከእኔ፣ እኔ ከእሷ ስንደብቅ ኖረናል ማለት ነው። እትዬ አምሳለ ደግሞ ብቻቸውን፣ ከሰርገኛው መሐል ማን ይሆን እያሉ።

እሷ የማታውቀው የበጉን ነገር ብቻ ነበር። እሱንም ነገርኳት፤ የጋሽ ሸምሰዲንን ቃል አንድ ሳልቀንስ። መቁጠሪያዋ እጇ ላይ ቆመ።

«ድንኳኑ ውስጥ ሥጋ አልነበረም?»

«አልነበረም እማ። ዶሮ ብቻ ነበር።»

«በዘመዶቿ ፊት? በልጇ ሰርግ?»

«የሙሽራዋ አጎት ቀለዱባቸው። ሰምቻለሁ።»

መቁጠሪያዋን እንደገና ትቆጥር ጀመር። አላስቸኮልኳትም። ከታች የመኪናው ጩኸት እየቀለለ፣ የመስኮቱ ብርሃን ወደ ቢጫ እየዞረ ሄደ። በኋላ መሬቱን ተደግፋ ተነሳች፤ እኔ ልረዳት ስል በእጇ ከለከለችኝ።

«ታዲዎስ ጋ ደውይ» አለችኝ። «ነገ አይደለም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ኢንሻአላህ፣ ምሳ እንመጣለን በይው። አምሳል ሥጋም ትሥራ። ከየት ገዛሽው፣ ማን አረደው ብዬ አልጠይቃትም። ያቀረበችውን እበላለሁ።» ስልኩን አንስቼ ስም ስፈልግ እጄን ያዘችው። «የላምባውን ነገር ግን አንቺ እንዳትናገሪ። የምነግራት እኔ ነኝ፤ ገና ምግቡ ሳይቀርብ።»